ከጅባራ መስክ በላይ

(አዲስ አበባ፣ ቀበና፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፤ በወጣትነቷ ካርታ ነዳፊ የነበረችው ወይዘሮ ፀዳለ፣ ባሏ ዳምጠው ከአርባ አራት ዓመት በፊት የሞተበትን ተራራ አሮጌ ካርታ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች፤ ፊት ለፊቷ የዚያን ጊዜ የዳምጠው በቅሎ ነጂ የነበረውና ትናንት የዓይኑ ፋሻ የተነሣለት አዛናው ተቀምጧል።)

ፀዳለ፦ ጣትህን አስቀምጥ ነው የምልህ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም።

አዛናው፦ የዓይኔን ሞራ ያስገፈፉልኝ ለዚህ ኖሯል፣ እትዬ?

ፀዳለ፦ ለዚህም ነው። አልዋሽህም።

አዛናው፦ እኔ ደግሞ ለነፍስዎ ብለው ያደረጉት መስሎኝ፣ አልጋ ላይ ተጋድሜ ስመርቅዎት ሰነበትኩ።

ፀዳለ፦ ምርቃቱን አልመልስም። ግን ለሙት ዓመቱ መጣህና ቦታውን አሳየኝ ስልህ “ፊደል አልቆጠርኩም” አልከኝ። ልጄን ሰናይትን ስድር መጣህና “ዓይኔ ደከመ” አልከኝ። አሁን ዓይንህ ያያል። ካርታ ደግሞ ፊደል አይፈልግም። ነገ በማለዳ አውቶቡስ ትሳፈራለህ፤ እኔም ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። ዳምጠው የወደቀበትን ቦታ አሳየኝና ሂድ።

አዛናው፦ ነገርኩዎት እኮ። ንብ ገደል ነው። ያኔም ንብ ገደል፣ ዛሬም ንብ ገደል። ገደል እግር የለው፣ የት ይሄዳል?

ፀዳለ፦ እንግዲያው ንብ ገደልን አሳየኝ።

አዛናው፦ ይኸው። ይኼ ነዋ።

ፀዳለ፦ እሱ የሻይ ጠብታ ነው።

አዛናው፦ ይታገሡኝ እንጂ! ዓይኑ ገና የአንድ ቀን ዓይን ነው።

ፀዳለ፦ ንብ ገደል እዚህ ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝን ተሻግሮ። አየኸው? አሁን ያንን እሑድ ንገረኝ። ስንት ሰዓት ላይ ተነሣችሁ?

አዛናው፦ ቁርስ ቀምሰን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።

ፀዳለ፦ ሲወድቅስ?

አዛናው፦ እኔ ሰዓት አላስርም፣ እትዬ።

ፀዳለ፦ ለሙት ዓመቱ ለእንግዶቹ ስታወራ “ገና አራት ሰዓት አልሞላም፣ ቅዳሴ አልወጣም” ስትል ሰምቻለሁ።

አዛናው፦ ብዬ ይሆናላ።

ፀዳለ፦ ሰው ጠርተህ ስትመለስስ? “ቀትር ሳይሆን ደረስን” ብለሃል። ድንኳናችሁ ደግሞ እዚህ ነበር፣ ጅባራ መስክ። ተመልከት። ከዚህ እስከ ጥቁር ውሃ ሰባት መቶ ሜትር ቁልቁል ነው። ከዚያ ወደ ንብ ገደል ስምንት መቶ ሜትር ሽቅብ። ደርሶ መልስ ሁለት ቀን ይፈጃል። አንተ በአንድ ረፋድ ሁለቴ ተመላለስክ።

አዛናው፦ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እግሬ እግር እንዳይመስልዎት፣ ነፋስ ነበር።

ፀዳለ፦ የአንተስ እሺ፣ ነፋስ ይሁን። ዳምጠው ግን ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ ስሙን ሳይጠይቅ የማያልፍ ሰው ነበር። ከእሱ ጋር እንኳን ንብ ገደል፣ ጉሊትም አይደረስም።

አዛናው፦ እሱስ እውነትዎን ነው! የምን ድንጋይ ብቻ። ጥላውንም ስሙ ማን ይባላል ሊሉኝ ምንም አልቀራቸው። ሦስት ሽማግሌ ያስመጣሉ። አንዱን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አንዱን አውድማ ላይ፣ አንዱን ወይራው ሥር ያስቀምጣሉ፤ እንዳይመካከሩ። ለሌባ እንኳን እንደዚያ አይደረግ።

ፀዳለ፦ ደንቡ እንደዚያ ነበር። ሦስቱም አንድ ስም ከጠሩ በቀለም ይጻፋል። ካልተስማሙ እርሳስ ሆኖ ይቆያል።

አዛናው፦ አንድ ጉብታ ነበረች። አንደኛው “ሽመል አምባ” አሉ። ሁለተኛው “ቄስ መውረጃ ነው እንጂ ሽመል አምባ የሚባል አላውቅም” ብለው ተቆጡ። ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? “ስም የላትም። ግን ከአዲስ አበባ ድረስ ከደከማችሁ አንድ ስም ላውጣላት?”

ፀዳለ፦ ይቺ ናት። ሁለቱንም ስም በእርሳስ ጽፎታል።

አዛናው፦ የሳቸው እጅ ነው?

ፀዳለ፦ የእሱ ነው። ይኼ ካርታ እኮ ያኔ በእጁ የነበረው ነው። ከሻንጣው ጋር አንተው ራስህ አምጥተህልኝ የለም?

አዛናው፦ መስመር መስመሩን አላስታውሰውም። ተጠቅልሎ ነበር። እኔም ቀና ብዬ አላየሁዎትም፤ እርጉዝ ነበሩ።

ፀዳለ፦ ና ቅረብ። ይኼን ቡናማ መስመር ተከተል። በአንዱ መስመር ላይ ስትሄድ አትወጣም፣ አትወርድም። መስመር ስትሻገር ሃያ ሜትር ወጣህ ወይም ወረድክ ማለት ነው። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ዳገት ነው። ሲነካኩ ገደል። ሲራራቁ ሜዳ።

አዛናው፦ ይኸው ነው?

ፀዳለ፦ ይኸው ነው።

አዛናው፦ ምነው ያኔ በነገሩኝ! ይኼን ባውቅ በቅሎ ስጎትት እኖር ነበር?

ፀዳለ፦ ድንኳናችሁ ጋ ጀምር። በዓይንህ አትፈልግ፤ እንደምትሄድ ሁን።

አዛናው፦ እንግዲህ ጅባራ መስክ። ድንኳኑ እዚህ፣ በቅሎዎቹ እዚህ። ምንጯ የታለች? ይቺ ሰማያዊዋ ናት! ወይ ጉድ፣ መታጠፊያዋ ሳይቀር። ከምንጯ ወደ ላይ፣ አረንጓዴው የአስታ ጫካው ነው?

ፀዳለ፦ ጫካው ነው።

አዛናው፦ ዛሬ ግማሹ የለም። ከጫካው ወጥተን የጓሳው ሣር ይጀምራል። እዚህ ጋ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋሼ ዳምጠውን ሲያዩ አይሸሹም ነበር፤ መነጽራቸውን አይተው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ዞር ይሉና ወደ ሰሜን፣ በጀርባው በጀርባው...

ፀዳለ፦ ንብ ገደል በደቡብ በኩል ነው።

አዛናው፦ ተሳሳትኩ። ጣቴ ነው።

ፀዳለ፦ ጣትህ መንገዱን ያውቃል። ተወው ይሂድ።

አዛናው፦ እትዬ፣ ሻይዎ እኮ ቀዘቀዘ።

ፀዳለ፦ ይቀዝቅዝ።

አዛናው፦ እሺ። ጀርባውን ይዘን ሽቅብ ነው። መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፤ ልክ ነው፣ እዚህ ላይ በቅሎዋ እንኳን ታለከልካለች። ከዚያ ደግሞ ይራራቃሉ። ሜዳ ማለት አይደል? እዚህ ሰፋ ብሎ... ኧረ ይኼስ—

ፀዳለ፦ ይኼስ ምን?

አዛናው፦ ምንም።

ፀዳለ፦ “ኧረ ይኼስ” ብለህ አቆምክ። ምን ልትል ነበር?

አዛናው፦ በማርያም ይተዉኝ፣ እትዬ። ነገ አገሬ ልግባበት።

ፀዳለ፦ እዚያ ላይ ሜዳ አለ?

አዛናው፦ የለም።

ፀዳለ፦ ምን አለ?

አዛናው፦ ጓሳው እንደለበሰ መሬቱ ያልቃል። ያኔ ጫፉ ላይ ምልክት አልነበረው፣ ድንጋይ አልነበረው፤ በቢላ እንደ ቆረጡት ነው። ጫፉ ላይ ቆመው ወደ ታች ሲያዩ አሞራ ሲያንዣብብ ጀርባው ነው የሚታይዎት።

ፀዳለ፦ እዚያ ነው?

አዛናው፦ እዚያ ነው። ይኸው አስቀመጥኩ። በቃዎት?

ፀዳለ፦ አታንሣው።

አዛናው፦ ምን ያደርግልዎታል?

ፀዳለ፦ አታንሣው፤ ልየው።

አዛናው፦ ይበሉ ይጠቅልሉት። ሰናይት ስትመጣ እንዲህ ሆነው እንዳታይዎት።

ፀዳለ፦ እንዴት ሆኜ? ምንም አልሆንኩም። እዚህ ላይ መስመሩ ለምን ሜዳ እንደሚል ልንገርህ።

አዛናው፦ አይንገሩኝ።

ፀዳለ፦ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም።

አዛናው፦ ለዚያ ነው አይንገሩኝ የምለው። እኔ ማን ነኝ?

ፀዳለ፦ ጣትህን እዚያ ላይ ያስቀመጥክ ሰው ነህ። ስማኝ። እኛ የምንሠራው ከአውሮፕላን ላይ ከተነሣ ፎቶግራፍ ነበር። እዚያች ቦታ ላይ ደመና አርፎባታል። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ። ሁለተኛም ተነሣ፤ ያው ደመና። ደንቡ ባዶ መተው ነው። ነጩን ትተህ “አልታየም” ብለህ ትጽፍበታለህ።

አዛናው፦ እሺ፣ ደንብ ነው። ይብቃዎት።

ፀዳለ፦ ባዶ ቦታ ያለበት የካርታ ሉህ ግን አልተጠናቀቀም ይባላል። አልተጠናቀቀም ከተባለ ቀያሹ፣ ማለትም ዳምጠው፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሦስት ወር፣ አንዳንዴ አራት። ዳምጠው ከመስክ ከተመለሰ ገና ሃያ ቀኑ ነበር። ጫማው ላይ ያለው ጭቃ አልደረቀም። እኔ ማርገዜን ያወቅኩት በዚያው ሳምንት ነው።

አዛናው፦ ልጅ ነበሩ እኮ።

ፀዳለ፦ ልጅ አልነበርኩም። ዲግሪ ነበረኝ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሁሉም ሳይመለሱ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብዬ ስድስት መስመር ሠራሁ። በግራም በቀኝም ያለው መሬት ገር ስለሆነ፣ መሃሉም እንዲሁ ይሆናል ብዬ። እጄ ደግሞ ያምር ነበር። አለቃዬ ሉሁን አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን አየውና “እንዲህ ነው እንጂ” አለ።

አዛናው፦ ሆኖም መልሰው ላኳቸው።

ፀዳለ፦ ለስም ማሰባሰብ። ያን አላሰብኩም ነበር። ሻንጣውን እኔው ነኝ ያሰናዳሁለት፤ ይኼን ካርታም በእጄ አጥፌ የከተትኩት እኔው ነኝ። ነጩ ቦታ እንደሌለ እንዳያስተውል ስሙን፣ ወንዙን፣ ሌላ ሌላውን ሳወራው ነበር። ከዚያ አንተ መጣህ። ንብ ገደል አልክ።

አዛናው፦ አልኩ።

ፀዳለ፦ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው ደረቱን እየደቃ፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ካርታውን ዘረጋሁ። ንብ ገደልን አየሁት። መስመሮቹ ተነካክተዋል። ገደሉን ገደል ብዬ ነው የሠራሁት። እና እፎይ አልኩ። ባሏ ሞቶ እፎይ ያለች ሴት አይተህ ታውቃለህ?

አዛናው፦ እትዬ...

ፀዳለ፦ ሙት ዓመቱ ላይ ሰዓቱን ስትቆጥር ሰማሁህ። መስመሮቹን ቆጠርኩ፤ አልገጠመልኝም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ቀን አንተ መጥተህ “ንብ ገደል ነው” ብለህ ጣትህን እንድታሳርፍ እጠብቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። አምንህ ነበር።

አዛናው፦ እንግዲያው ለምን ጣትህን ተወው ይሂድ አሉኝ?

ፀዳለ፦ እንጃ። ደከመኝ። አሁን የቀረውን ንገረኝ። ጉም ነበር?

አዛናው፦ ነበር።

ፀዳለ፦ ጉሙ ውስጥ ካርታውን ዘርግቶ አየ። ሜዳ ይላል። የእኔን እጅ አምኖ ሄደ።

አዛናው፦ አይደለም።

ፀዳለ፦ አታባብለኝ። አርባ አራት ዓመት ስትዋሸኝ ኖረህ ዛሬ አትጀምር።

አዛናው፦ አይደለም ካልኩ አይደለም! ጋሼ ያውቁ ነበር።

ፀዳለ፦ ምኑን?

አዛናው፦ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ድንኳኑ ደጃፍ ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብቻቸውን ይስቃሉ። “ምን አገኙ፣ ጋሼ?” አልኳቸው። “ፀዳለን አገኘኋት” አሉኝ። ጣታቸውን እዚቹ ላይ አድርገው፣ “ይቺ ቦታ ፎቶው ላይ ደመና ነበረች፤ በዓይኔ አይቻታለሁ። እንዳልመለስ ብላ ሞልታዋለች” አሉኝ። እኔ ምኑም አልገባኝ። ወረቀት ላይ ደመና ምን ይሠራል?

ፀዳለ፦ ተቆጥቶ ነበር?

አዛናው፦ ሳቁ እያልኩዎት! ሠርግ እንደ ተጠራ ሰው ሲስቁ ነው የዋሉት። እራት ላይም ሳይቀር ብቻቸውን ፍግግ ይላሉ፤ አብረውን የነበሩት የሥራ ጓደኞቻቸው “ምን ነካህ?” ይሏቸዋል። ከዚያ ለብቻዬ ጠሩኝና፣ “ነገ እሑድ ነው፤ እነሱ ቅዳሴ ሲሄዱ እኔና አንተ ወጥተን መሬቱን በዓይናችን እንይ። አለቃ ሳይነቃ አስተካክልላታለሁ። ለማንም እንዳትተነፍስ፤ በተለይ ለእሷ። ታፍራለች” አሉኝ።

ፀዳለ፦ ታፍራለች አለ።

አዛናው፦ “ታፍራለች” ነው ያሉት።

ፀዳለ፦ ንብ ገደልን ታዲያ ከየት አመጣኸው?

አዛናው፦ ከአፌ ነዋ! ከዚያ ላይ ነው የወደቁት ብል፣ “በዕረፍት ቀን እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ?” ይባላል። ካርታ ይወጣል። የእርስዎ ነገር ይወጣል። ሬሳቸውን ተሸክሜ ቃላቸውን ላፍርስ? ከገደሉ ያወጧቸው የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ ለእንግዳ አይናገሩም። ጓደኞቻቸው ከቅዳሴ ሲመለሱ ድንኳን ውስጥ አስተኝተናቸው ነበር። ንብ ገደል በየዓመቱ ሰው ይወስዳል፤ አንድ ቢጨመርበት ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነው።

ፀዳለ፦ ካርታው ታተመ። እንዳለ፣ ከነሜዳው። ከእሱ በኋላ ሌላ ሰው...?

አዛናው፦ ማንም የለም። ድንጋይ ክበን አጠርነው። ፈረንጅ ካርታ ይዞ ሲመጣ እኔ ከፊት እሄዳለሁ። “ወረቀቱ ሜዳ ነው ይላል” ይሉኛል። “ወረቀቱን እጠፈው፤ እኔን ተከተል” እላቸዋለሁ። ዓይኔ ሲደክም ለልጄ አስተማርኩት።

ፀዳለ፦ አንተ ስትጠብቀው ኖርክ።

አዛናው፦ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

ፀዳለ፦ እኔ እንዳያውቅ ብዬ ሳወራው፣ እሱ አውቆ ዝም አለኝ። ሊያስተካክልልኝ ሄደ።

አዛናው፦ ቶሎ ሊመለሱም ነበር። ያልቅሱ እንጂ፣ እትዬ። እዚህ ማንም የለም። እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

ፀዳለ፦ ፊትህን አታዙር። ያንን እርሳስ አቀብለኝ።

አዛናው፦ አሁን?

ፀዳለ፦ አሁን። ሊሠራው የወጣውን ልሥራው። ጫፉ ወደ ምሥራቅ ነው የሚዞረው?

አዛናው፦ ወደ ምሥራቅ። እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሎ።

ፀዳለ፦ እንደዚህ?

አዛናው፦ ትንሽ ወደ ውስጥ። እሱ ነው። ታች እስኪደርስ ጠጠር ጥዬ ቆጥሬአለሁ፤ ረጅም ነው።

ፀዳለ፦ እናንተ የት ነበራችሁ?

አዛናው፦ አንድ ድንጋይ አለ፣ የተኛ በሬ የሚያህል። እዚያ ስንደርስ ጉሙ ወረደብን። “በቅሎዋን ይዘህ እዚህ ቁም፤ ጫፉን አይቼ ልምጣ” አሉኝ። ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ያፏጩ ነበር።

ፀዳለ፦ ከድንጋዩ እስከ ጫፉ ስንት እርምጃ ነው?

አዛናው፦ ይኼንንስ ባይጠይቁኝ።

ፀዳለ፦ ለክተኸዋል አይደል?

አዛናው፦ በየዓመቱ። በእኔ አሥራ አንድ ነው። ጋሼ ቁመታቸው ረጅም ነበር፤ በሳቸው ዘጠኝ።

ፀዳለ፦ ዘጠኝ እርምጃ በዚህ ካርታ ላይ ከእርሳሱ ጫፍ ያንሳል፣ አዛናው። ድንጋዩንና ገደሉን ያኔም ዛሬም ለይቼ ልሠራቸው አልችልም።